የልብስ ሰፊው ባለቤት

ማክሰኞ፣ ኅዳር 14 ቀን
ከሱቃችን፣ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ

ለአለቃዬ፣

እንደምን ከርመሻል? ልጃችንስ፣ ባሏስ፣ ሁለቱ የልጅ ልጆቻችንስ? ትንሹ ጥርስ አወጣ ወይስ አሁንም ድዱን እያሳየ ሰው ያታልላል? እኔ አለሁ። “ደህና ነኝ” ብዬ ልጀምር አስቤ ነበር። ግን “ደህና ነኝ ለማለት ቢሆን ኖሮ ስልኩ ይበቃው ነበር” ብለሽ ገና ከመጀመሪያው መስመር ስለምትነቂብኝ ተውኩት። ፊደሎቼ ከተንጋደዱ ደግሞ አትፍረጂባቸው፣ ምክንያቱን ወደ ታች ታገኚዋለሽ።

በስልክ እኮ ሁለታችን ብቻችንን ከተነጋገርን ቆየን። አንቺ አለሽ፣ ልጃችን አለች፣ ሕፃኑ ያለቅሳል፣ ስልኩም ለቤቱ ሁሉ እንዲሰማ ተደርጎ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። “አባባ፣ ደህና ነህ?” ስትለኝ “ደህና ነኝ” እላለሁ። ሌላ ምን ልበል? በጉባኤ ፊት ሚስትን ማናገር ይከብዳል። ጨርቅ ነጋዴው እናንተ ወዳላችሁበት ከተማ ሐሙስ እንደሚበር ስሰማ፣ ይህችን በእጁ እንዲሰጥሽ ለመንኩት። “ምነው፣ ስልክ የለም እንዴ?” አለኝ። “የፍቅር ደብዳቤ ነው” ብዬ አፉን አስያዝኩት። ልጃችን ሥራ ስትሄድ፣ ልጆቹ ሲተኙ፣ ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው።

ነገሩ እጄ ነው፤ ቀኝ እጄ። ክረምት ላይ ትንሿ ጣቴና ጎረቤቷ መደንዘዝ ጀመሩ። ተኝቼባቸው ነው ብዬ ተውኩት። ከዚያ መቀሱ ከእጄ ይወድቅ ጀመር። ቀጥሎ ክር መርፌ ውስጥ ማስገባት አቃተኝ። ጎረቤታችን ጡረተኛው መምህር “ዓይንህ ነው” ብሎ መነጽሩን አዋሰኝ። መነጽሩን ሳደርግ ቀዳዳዋ ወለል ብላ ታየችኝ፤ እጄ ግን አልታዘዝ አለ። ባለፈው ወር ደግሞ ለዚያ ለረጅሙ ጠበቃ ኮት፣ የግራውን እጅጌ በቀኝ፣ የቀኙን በግራ ሰፋሁለት። ለብሶ መስታወት ፊት ቆመና “ጌታዬ፣ እጆቼ ወደ ኋላ ሊሄዱ ነው” አለኝ። አብረን ሳቅን። እሱ ሲወጣ በሩን ቆልፌ ብዙ ተቀመጥኩ።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ብዬ የነርቭ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ጉልበቴን በትንሽ መዶሻ መታ መታ አደረገ፣ ጣቶቼን አንድ በአንድ ወጋ ወጋ አድርጎ “ይሰማዎታል?” አለኝ። ከትንሿ ጣት ላይ ሲደርስ ውሸት አማረኝ፤ ግን መርፌውን መች እንደወጋ ሳላውቅ ምን ብዬ ልዋሽ? “ከአንገትዎ ወይም ከጭንቅላትዎ ነው። ሳላይ አልናገርም፤ ኤም አር አይ ተነሥተው ይምጡ። ደግሞም አይቆዩ፤ ነርቭ ተጭኖ ከቆየ እጅዎ ላይመለስ ይችላል” አለኝ። ይኸው ነው ነገሩ፣ አለቃዬ። እጄ ከሄደ ሱቁ ሄደ፤ ሱቁ ከሄደ እኔ በየትኛው ወንበር ላይ እንደምውል አላውቅም። ከአንገቴ ሳይሆን ከጭንቅላቴ ከሆነ ደግሞ… እሱን ገና አላሰብኩትም፤ አንቺም አታስቢው።

አንቺ ሦስት ሱቅ ሳትጠይቂ ሽንኩርት እንኳ ገዝተሽ አታውቂም። እኔ ደግሞ የመጀመሪያው ባለሱቅ የጠራውን ከፍዬ የምወጣ ሞኝ ነኝ። አንቺ ስለሌለሽ ዘንድሮ እኔ አንቺን መሆን ነበረብኝ። ግራጫ ሙሉ ልብሴን ለበስኩ፣ ጫማዬን አስጠረግኩና የምርመራ ዋጋ ልጠይቅ ወጣሁ።

የመጀመሪያው ከላይ እስከ ታች መስታወት የሆነው ትልቁ ሆስፒታል ነው። ገንዘብ ተቀባይዋ ዋጋውን የነገረችኝ ሰዓት የጠየቅኳት ያህል ቀለል አድርጋ ነው። እኔ ትልልቅ ቁጥር ስለማይገባኝ በሙሉ ልብስ መነዘርኩት፦ የስምንት ሙሉ ልብስ የእጅ ዋጋ! እንዳንቺ ኮስተር ብዬ “መጨረሻው ስንት ነው?” አልኳት።

“እንዴት መጨረሻው፣ አባባ?”

“የመጨረሻ ዋጋው ማለቴ ነው። የሚቀነስ የለም?”

ከጀርባዋ ያሉት ሁሉ ሳቁ። “ኧረ አባባ፣ ይሄ እኮ ሆስፒታል ነው!” አለችኝ። እኔም እንዳንቺው ትቼ የምሄድ መስዬ ዞር አልኩ። አንቺን ሁልጊዜ ከበር ይመልሱሻል። እኔ እስከ መንገዱ ድረስ በዝግታ ሄድኩ፤ ማንም አልጠራኝም።

ሁለተኛው ጋ “አምስት ሙሉ ልብስ” ሲሉኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ቆይተው “በመርፌ የሚሰጥ ቀለም ካስፈለገ ለብቻው ይከፈላል” አሉኝ። ቀጥለው ምስሉን የሚያነበው ሐኪም ለብቻው፣ ሲዲው ለብቻው፣ ካርዱ ለብቻው ሆነ። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት አሉ። ስደምረው ከመስታወቱ ሆስፒታል በለጠ። የመንግሥት ሆስፒታሉ ርካሽ ነው፤ አንድ ሱሪ ብሰፋ ይበቃኛል፤ ወረፋው ግን ለመጪው ክረምት ነው። “እስከዚያ እጄን የት ላስቀምጠው?” አልኩት ካርድ ክፍል ያለውን ሰውዬ። “አባት፣ እኔም ጀርባዬን ይዤ እየጠበቅኩ ነው” አለኝ። መጨረሻ ላይ ከሶፋ መሸጫው ፎቅ ላይ ያለውን የምርመራ ማዕከል አገኘሁ። አራት ሙሉ ልብስ፣ ሁሉንም ጨምሮ። እንግዳ ተቀባይዋ ወንበር ሰጠችኝ፣ ውሃ ቀዳችልኝና ቀኑ እስኪቆረጥልኝ ድረስ አጫወተችኝ።

እዚህ ላይ ይቺን ቤት መርጦ ጨረሰ ትያለሽ። አልጨረስኩም። አንድ ነገር ልንገርሽ፣ አትሳቂብኝ። በማግስቱ ወደ መስታወቱ ሆስፒታል ተመልሼ ሄጄ ያንኑ ዋጋ ጠየቅኩ። ከዚያ ወደ ሁለተኛው ሄድኩ። በሌላ ቀን ደግሞ እንደገና። ዋጋው እንዳልተለወጠ አውቃለሁ። ግን እዚያ ስትሄጂ ይጠይቁሻል። “እንቅልፍ እንዴት ነው? ምግብ ይበላሉ? ሕመሙ መቼ መቼ ይብሳል?” ይሉሻል፤ የምትመልሺውንም ይጽፉታል። እዚህ ሱቅ ውስጥ ሰው የሚጠይቀኝ “መቼ ይደርሳል?” ብቻ ነው። ማታ ቤት ስገባ ሬዲዮው ያወራል፣ እኔ እመልስለታለሁ። ፓስታ ስቀቅል ልክ ስለማላውቅ ሁልጊዜ ለሁለት ሰው የሚበቃ ይሆናል። ግማሹን ጠዋት በላሁት ብዬ እዋሽሽ ነበር እንጂ የምደፋው እኔው ነኝ።

ደግሞም ፈርቼ ነው። ዋጋ እየጠየቅኩ ያለሁ እስከሆነ ድረስ ማሽኑ ውስጥ የሚያስገባኝ የለም። የማወዳድር መስዬ የምሸሽ ነበርኩ።

የሁሉም ቦታ ጥያቄ መጨረሻ ላይ አንድ ነው፦ “ከማን ጋር ነው የሚመጡት?” ቀለሙ ሊያዞር ይችላል፣ ሰው ያስፈልጋል ይላሉ። መጀመሪያ የተጠየቅኩ ቀን ሳላስበው “ከባለቤቴ ጋር” አልኩ። ለዚያ ጥያቄ ያለኝ መልስ እሱ ብቻ ነው፤ ዕድሜዬን ሙሉ የመለስኩት እንደዚያ ነው። ቀስ በቀስ ውሸቱ ጣፈጠኝ። ሶፋ መሸጫው ፎቅ ላይ “ለባለቤቴ መቀመጫ አለ?” ብዬ ጠየቅኩ። ኮሪደሩ ላይ ያሉትን ወንበሮች አሳዩኝ። ንፋስ ስለማትወጂ ከበሩ ራቅ ያለችውን መረጥኩልሽ። ተቀምጬም ሞከርኳት፤ ትመቻለች።

ትናንት ቀጠሮዬ ነበር። ሄድኩ። ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ወፈር ያለ ጎልማሳ ነው፤ እዚያ ሁሉም “ባለማሽኑ” ነው የሚሉት። የደንብ ልብሱ ትከሻው ላይ ጠቦት ሲንቀሳቀስ ስፌቱ ያቃስታል፤ ዓይኔ ከሱ ላይ አልነሣ አለኝ። ልብሴን አስወልቆ ከኋላ የሚታሰር ቀሚስ አለበሰኝ። የሰፋውን ሰው ባገኘው የምለው ነበረኝ። ቀለበቴ አልወልቅ ብላ በሳሙና ወጣች። ከዚያ ጥያቄ ተጀመረ።

“ልብዎ ላይ የተተከለ ነገር አለ?”

“ባለቤቴ ብቻ ነች።”

ሳቀ። “ቀዶ ጥገና? ጥይት? ፍንጣሪ? ሰውነትዎ ውስጥ የቀረ ብረት?”

“ኧረ ምንም የለብኝ።”

“ባለቤትዎ ውጭ ናቸው?”

“አዎ” አልኩት።

በሩን ሊከፍት ሲል ቆመ። “ሥራዎ ምን ነበር ያሉኝ?”

“ልብስ ሰፊ።”

“መርፌ ተሰብሮብዎት ያውቃል?”

“መርፌ ስንቴ አይሰበርም፣ ልጄ!”

“ሰውነትዎ ውስጥ ማለቴ ነው። ይሄ ማግኔት ነው፤ ቀልድ አያውቅም።”

“እንጃ” አልኩት። የእውነቴን ነው፤ ምንም አልመጣልኝም። በብርድ ክፍል፣ በዚያ ቀሚስ ቆሞ የሚያስታውስ ሰው ካለ እሱ ጀግና ነው።

“ቆይ፣ ባለቤትዎን ልጠይቃቸው። ሰው የራሱን ይረሳል፣ ሚስት አትረሳም” አለና ወጣ። ልይዘው እጄን ዘረጋሁ፤ የትኛውን እጄን እንደዘረጋሁ ታውቂያለሽ፤ አልደረሰም። በሩ ገርበብ ብሎ ቀርቷል። ኮሪደሩ ላይ ቆሞ፣ ጥሩ ድምፅ አለው፣ ጮክ ብሎ ተጣራ።

“የልብስ ሰፊው ባለቤት!”

ዝም።

“የልብስ ሰፊው ባለቤት አሉ?”

አንድ ሰው ሲያስል ተሰማኝ። አንዲት ሴት “ከጠዋት ጀምሮ እዚህ ነኝ፣ ብቻቸውን ነው የመጡት” አለች። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል የሚሉት እውነት ነው፤ የኔ ትናንት አለቀ። በዚህ ዕድሜዬ ከበር ኋላ፣ በአጭር ቀሚስ፣ ባዶ እግሬን ቆሜ አንቺን ሲጠሩሽና አንቺ ሳትመልሺ ሰማሁ። እጄ ላይመለስ እንደሚችል ስሰማ እንኳ እንዲህ አላመመኝም።

ባለማሽኑ ተመለሰና ዓይኔን ሳያይ “ወጣ ብለው ይሆናል” አለኝ።

“ይሆናል” አልኩት።

ወንበር ስቦ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። አላስቸኮለኝም። እኔም ‘እሷ ብትኖር ምን ትመልስ ነበር?’ ብዬ አንቺን ሆኜ አሰብኩ። ያኔ መጣልኝ። ልጃችንን ያረገዝሽ ጊዜ፣ የትምህርት ቤቱን የደንብ ልብስ በጥድፊያ ስንሰፋ፣ የማሽኑ መርፌ ሌባ ጣቴን በስቶ ገባና እውስጡ ተሰበረ። እጄን በጉልበቶችሽ መሃል ጨብጠሽ በወረንጦ ጎተትሽው። እኔ እጮሃለሁ፣ አንቺ በዚያ ሆድሽ ትስቂያለሽ። ትልቁ ወጣ፤ ጫፉ ቀረ። “ይቅር፣ ያንተ ሥጋ ብረት ይፈጫል” ብለሽ በጨርቅ ጠቀለልሽልኝ፤ እኔም ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ከዚያ በኋላ አንድ ቀን አላሰብኩትም።

ራጅ አነሡኝ። አለ፣ አለቃዬ። ሥጋዬ ምንም አልፈጨም። አጥንቱ ሥር ተጋድሞ፣ ነጭ፣ ከሰሊጥ ፍሬ የማይበልጥ ብረት። ባለማሽኑ ምስሉን እያሳየኝ “ማግኔቱ ይስበዋል፣ ሊግልም ይችላል፤ ዛሬ አይገቡም” አለኝ። መጀመሪያ ቀዶ ሐኪም ያወጣዋል፣ ትንሽ ነገር ነው፤ ከዚያ እመለሳለሁ። የከፈልኩት እዚያው ይቆይልኛል። “ሲቲ ስካን ቢሆንስ?” ብዬ ጠየቅኩ፤ እሱን ደግሞ ለመጠየቅ አዲስ ሆስፒታል መዞር ልጀምር ነበር። የነርቭ ሐኪሙ ግን ባለማሽኑ ሲደውልለት “ነርቩን እንደምፈልገው አያሳየኝም” አለው። አሁን ማወዳደር አበቃ፤ የማመካኝበት ዋጋ የለኝም።

“ለሚቀጥለው ግን ሰውነትዎን የሚያውቅ ሰው ይዘው ይምጡ። ብረቱ አንድ ብቻ ላይሆን ይችላል። ያለዚያ አላስገባዎትም” አለኝ ባለማሽኑ። መምህሩን ልውሰድ ብዬ አስቤ ነበር። እሱ ደግሞ በዱላ ነው የሚሄደው፤ አብረን ብንገባ ታማሚው የትኛው እንደሆነ ለነርሶቹ ይጠፋባቸዋል። ደግሞ ስለኔ ገላ ምን ያውቃል? ቼዝ ስሸነፍ እንደምናደድ ብቻ ነው የሚያውቀው። የኔን ሰውነት ካንቺ በቀር የሚያውቅ የለም፤ እኔም ራሴ እንደማላውቀው ትናንት ታወቀ።

ስለዚህ የምታስታውሺውን ሁሉ ጻፊልኝ። ከደረጃው የወደቅኩ ጊዜ ትከሻዬ ላይ ምን አደረጉልኝ? ብረት ነበር ወይስ ጀሶ ብቻ? ጥርሴን የሞላው ሰውዬ በምን ሞላው? እኔ የማስታውሰው አንቺ ውጭ ቁጭ ብለሽ ሹራብ ስትሠሪ ብቻ ነው።

ልጆቹን ጥለሽ ነይ አላልኩም። ልጃችን ሥራዋን ገና መጀመሯ ነው፣ ትንሹ ገና እየዳኸ ነው፤ አውቃለሁ። ሦስት ወር ብለሽ ሄድሽ፤ ሁለተኛው ልጅ ሲመጣ “ቆዪላት፣ እኔ ምን እሆናለሁ” ያልኩሽ እኔ ራሴ ነኝ። ማንም አላስገደደኝም። ደግሞ ደግ ነገር ነው ያደረግሽው፤ አያት ያጣ ልጅና ክር ያጣ መርፌ አንድ ናቸው። ይሄ ተረት አይደለም፣ አሁን የፈጠርኩት ነው። ግን ናፍቀሽኛል። በስልክ ያልነገርኩሽ ሕመሙን ብቻ አይደለም፤ ይህንንም ነው። ቤቱ ሰፍቶብኛል። ማጥበብ ሙያዬ ነበር፤ ይህን ግን አልቻልኩበትም።

ልጄን ሳሚልኝ። በሥራዋ ፈጣሪ ይርዳት፣ እጇ ይባረክ፣ እንደ አባቷ እጅ አይሁን። ባሏን ትከሻው አሁንም እንደ ድሮው ከሆነ ኮቱን እንዳያስጠብብ ንገሪው፤ ሲደላው ይሞላዋል። ትልቁን የልጅ ልጄን ጉንጩን፣ ትንሹን እግሩን ሳሚልኝ። አንቺን ደግሞ ጤናሽን ያብዛልኝ፣ ጉልበትሽን ያጽናልኝ፣ በሰው አገር ብርድ አይንካሽ። ስለኔ ለልጃችን አትንገሪያት፤ ወይም እንዳሻሽ አድርጊ፤ አለቃዋ አንቺ ነሽ።

አንድ ነገር ቀረኝ። ስወጣ ባለማሽኑ የቅርብ ሰው ስልክ ጠየቀኝ፣ ያንቺን ሰጠሁት። የቁጥሩን መነሻ አየና የሌላ አገር መሆኑ ገባው። ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ “ቀጠሮውን ከእርስዎ ጋር አልይዝም። ራሴ ደውዬ ከባለቤትዎ ጋር እቆርጠዋለሁ” አለኝ። በሚቀጥለው ሳምንት ሳይደውልልሽ አይቀርም። የማታውቂው ቁጥር ከሆነ አትዝጊበት፤ ጨዋ ሰው ነው። መጀመሪያ የት እንዳለሽ ይጠይቅሻል። መንገድ ላይ ነኝ በይው፤ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ጠርቶ አጥቶሻልና ሁለተኛ እንዳታሳፍሪኝ። ውሸት አፌ አይለምድም ካልሽ ግን፣ እውነት የሚሆንበትን መንገድ አንቺው ታውቂያለሽ።

ያንቺው ልብስ ሰፊ